ወጨጫ ሥር ሆነን ፍል ውሃ ለምን አጣን? ስለ ፍል ውሃ ከተሞችና ስለ ከርሰ ምድር ሙቀት

በአውሮፓ ታሪክ ውስጥ «የፍል ውሃ ከተማ» የሚባል፣ የራሱ ጠባይ ያለው የከተማ ዓይነት አለ። እንዲህ ያለው ከተማ የሚቆረቆረው ወደብ ስላለው ወይም ገበያ ስለሚቆምበት ሳይሆን ከመሬት ሙቅ ውሃ ስለሚፈልቅበት ነው። በምንጩ ዙሪያ መታጠቢያ ይሠራል፤ በመታጠቢያው ዙሪያ ማረፊያ ቤት፣ መናፈሻ፣ የሙዚቃ አዳራሽ ይከተላል። ነገሥታቱና መኳንንቱ ሲመጡም የቀረው ሕዝብ ይከተላቸዋል። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት (ዩኔስኮ) እ.ኤ.አ. በ2021 ከሰባት አገሮች የተውጣጡ 11 እንዲህ ያሉ ከተሞችን በአንድነት በዓለም ቅርስነት መዝግቧል። ከእነዚህም መካከል የጀርመኗ ባደን-ባደን፣ የቼኳ ካርሎቪ ቫሪ፣ የፈረንሳይዋ ቪሺና የእንግሊዟ ባዝ ይገኙባቸዋል።

ይህን መግለጫ ያነበበ የአዲስ አበባ ሰው የራሱን ከተማ ታሪክ ያነበበ ሳይመስለው አይቀርም። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ በፍል ውሃ አጠገብ ቤት ያሠሩት፣ ሥፍራውንም አዲስ አበባ ያሉት፣ የእንጦጦ ብርድ ያስመረረው ቤተ መንግሥት ወደ ሙቁ ውሃ መመላለስ ካዘወተረ በኋላ ነው። መኳንንቱ ተከተሉ፤ ድንኳን በቤት ተተካ፤ ከተማም ሆነ። ስለዚህ መዲናችን በመዝገብ ላይ ስሟ አይስፈር እንጂ አመሠራረቷ የፍል ውሃ ከተማ አመሠራረት ነው።

ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆነን ግን ታሪክ ሳይሆን አንድ የክፍል ውስጥ ጥያቄ ነው። ስለ ሙቀት መተላለፍ ስናስተምር ቀራንዮ ተወልዶ ያደገ አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ «ወጨጫ የቀድሞ እሳተ ገሞራ ነው ይባላል፤ ከሰፈራችን ቆመን እናየዋለን። ታዲያ ፍል ውሃው ስለምን እኛን ዘልሎ መሐል ከተማ ወጣ?» ሲል ጠየቀ። እኛም የዚያው አካባቢ ነዋሪዎች በመሆናችን ጥያቄው በተለይ ማረከን። መልሱ ሁለት ክፍል አለው፤ አንደኛው ስለ ሙቀት፣ ሁለተኛው ስለ መንገድ ነው።

የወጨጫ ሙቀት የት ገባ?

ወጨጫ፣ ፉሪና የረር፣ አዲስ አበባን ከምዕራብ፣ ከደቡብ ምዕራብና ከደቡብ ምሥራቅ ከበው የቆሙት ተራሮች፣ በእርግጥም እሳተ ገሞራዎች ነበሩ። ይሁን እንጂ እሳታቸው ከጠፋ ከሦስት ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኗል። ጥያቄው ታዲያ ይህን ያህል ዘመን ቆይቶ ከሥራቸው የተረፈ ሙቀት ይኖራል ወይ የሚል ይሆናል።

ወደ ቤታችን ምጣድና ዳቦ እንመለስ። ሙልሙል ከምጣድ እንደወጣ ብዙም ሳይቆይ በእጅ ይያዛል። ድፎ ዳቦ ግን ኮባው ከተገፈፈ በኋላ እንኳ መሐሉ ለረጅም ጊዜ ትኩስ ሆኖ ይቆያል። ሊጡ አንድ ነው፤ እሳቱም አንድ ነው፤ የሚለያዩት በውፍረታቸው ነው። ሙቀት ከአንድ ነገር መሐል ተነሥቶ እስከ ጠርዙ ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ ከውፍረቱ ጋር በእኩል መጠን አያድግም። ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ጊዜው አራት እጥፍ፣ ውፍረቱ አምስት እጥፍ ሲሆን ጊዜው ሃያ አምስት እጥፍ ይሆናል። በፊዚክስ ቋንቋ፣ ጊዜው ማለት የውፍረቱ ስኩዌር በነገሩ የሙቀት ስርጸት መጠን ሲካፈል የሚገኘው ነው። ለአለት ይህ መጠን በሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ስኩዌር ሜትር ገደማ ነው።

እንግዲህ ሂሳቡን እንሥራ። አንድ ኪሎ ሜትር ውፍረት ያለው የቀለጠ አለት ለመብረድ አንድ ሚሊዮን በአንድ ሚሊዮንኛ ተካፍሎ አንድ ትሪሊዮን ሰከንድ፣ ማለትም 32,000 ዓመት ገደማ ይፈልጋል። አምስት ኪሎ ሜትር ውፍረት ቢኖረው 800,000 ዓመት ይሆናል። ይህ የግርድፍ ግምት ነው፤ ሆኖም ለጥያቄያችን ከበቂ በላይ ነው። ከወጨጫ ሥር የነበረው ቅልጥ አለት አምስት ኪሎ ሜትር ውፍረት ነበረው ብለን በለጋስነት ብንገምት እንኳ፣ እስካሁን ሦስትና አራት ጊዜ ሊበርድ የሚችልበት ዘመን አልፎታል። ከቀራንዮ ቆመን የምናየው ተራራ እንግዲህ አመዱ ብቻ የቀረ ምድጃ ነው።

የፍል ውሃው ሙቀት ከምድጃው ካልሆነ ከየት መጣ ለሚለው መልሱ፣ ከመሬት ራሷ ነው የሚል ነው። መሬት ስትፈጠር ያከማቸችው ሙቀት ገና አላለቀም፤ በውስጧ ያሉት ዩራኒየም፣ ቶሪየምና ፖታሲየምም ሲፈራርሱ በየጊዜው ሙቀት ይጨምራሉ። በዚህ ምክንያት ወደ ታች በጠለቅን መጠን ሙቀቱ ይጨምራል። በአብዛኛው የአህጉራት ክፍል ጭማሪው በየኪሎ ሜትሩ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን፣ የመሬት ቅርፊት እየሳሳ በሄደበት በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ከዚህም ይበልጣል። ይህ ሙቀት ከቀራንዮም ሥር፣ ከመርካቶም ሥር፣ ከቦሌም ሥር አለ። የማንም ሰፈር የግል ሀብት አይደለም።

ቁልቁል ወርዶ ሽቅብ የሚመለስ ውሃ

የአዲስ አበባ አማካይ የአየር ሙቀት 16 ዲግሪ ገደማ ነው። በፍል ውሃ የሚወጣው ውሃ ደግሞ በጣም በሚሞቅባቸው ቦታዎች ከ70 ዲግሪ በላይ ይደርሳል። 75ን እንውሰድ። ልዩነቱ 59 ዲግሪ ነው፤ በየኪሎ ሜትሩ 30 ዲግሪ ከጨመረ፣ ውሃው ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ መመለስ ይኖርበታል። ስምጡ ዳር ጭማሪው ከፍ ያለ ከሆነ ጥልቀቱ ያንሳል። በነገራችን ላይ በአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ብቻ በመሆኑ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ የፍል ውሃው ውሃ «ፍል» የሚለውን ስም ያገኘው ሊፈላ ጥቂት ዲግሪዎች ሲቀሩት ነው። በሁለት ኪሎ ሜትር ጥልቀት ግን 200 አትሞስፌር የሚያህል ግፊት ስላለ ውሃው ከዚያ በላይ ቢሞቅም አይፈላም።

ውሃው ራሱ ዝናብ ነው። የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ኢሶቶፖች ጥናት፣ በአገራችንም ሆነ በሌላው ዓለም፣ የፍል ምንጮች ውሃ በአብዛኛው በአንድ ወቅት ከሰማይ የወረደ መሆኑን ያረጋግጣል። በከፍተኛ ቦታ የወረደ ዝናብ በአለት ስንጥቆች ቀስ እያለ ይሰርጋል፤ ይሞቃል፤ ከዚያም ዝቅ ባለ ቦታ መውጫ ሲያገኝ ይወጣል። ወደ ላይ የሚገፋው ኃይል ምንድን ነው? ብዙ ሰው «ሙቅ ውሃ ቀላል ስለሆነ ይንሳፈፋል» ይላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ድርሻው ምን ያህል እንደሆነ እንየው። በ75 ዲግሪ አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 975 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ወደ ታች የሚወርደው፣ በአማካይ 45 ዲግሪ ገደማ የሆነው ውሃ ደግሞ 990 ኪሎ ግራም ነው። በሁለት ኪሎ ሜትር ዓምድ ላይ ይህ ልዩነት የሚሰጠው ግፊት 30 ሜትር ከፍታ ካለው የውሃ ታንከር ጋር ይመጣጠናል። የእንጦጦ ጫፍ ግን ከፍል ውሃ ሠፈር በ700 ሜትርና ከዚያ በላይ ይበልጣል። እንግዲህ ውሃው ከሰሜን ከፍታዎች የሚመጣ እስከሆነ ድረስ ዋናው ገፊ ተራራው ነው፤ መሬቱ እንደ አንድ ትልቅ የጎበጠ ቧንቧ ይሠራል።

ሁለተኛው የመልሳችን ክፍል እዚህ ላይ ይመጣል። በሁለት ኪሎ ሜትር ጥልቀት የሞቀ ውሃ ቀስ እያለ ቢወጣ ኖሮ ሙቀቱን ለየአለቱ እያደለ፣ ላይ ሲደርስ እንደማንኛውም የጉድጓድ ውሃ ቀዝቃዛ ይሆን ነበር። ሙቀቱን ይዞ እንዲወጣ ፈጣን መንገድ ያስፈልገዋል። ያ መንገድ የመሬት ስብራት ነው። በአዲስ አበባ ከሰሜን ምሥራቅ ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚዘረጋ፣ የጂኦሎጂ ባለሙያዎች የፍል ውሃ ስብራት የሚሉት መስመር አለ፤ ምንጮቹ የሚወጡትም በዚሁ ላይ ነው። ቀራንዮ የጎደላት ሙቀት ሳይሆን ይህን የመሰለ ቀዳዳ ነው። ለተማሪው የሰጠነው አጭር መልስ ይኸው ነበር።

ስምጥ ዳር የተቆረቆሩ ከተሞች

በጀርመን አገር ለሦስተኛ ዲግሪ በምንማርበት ጊዜ ቅዳሜና እሑድን በባደን-ባደን ለማሳለፍ ዕድል ገጥሞን ነበር። ሮማውያን የታጠቡባት፣ ንጉሠ ነገሥት ካራካላ የጎበኛት፣ ዶስቶየቭስኪ በቁማር ገንዘቡን የተበላባት ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1877 የተከፈተው የፍሪድሪክ መታጠቢያ ቤተ መንግሥት ይመስላል። እንግዳ ሁሉ በሚያድርበት ሌሊት ልክ ለከተማው የፍል ውሃ ግብር ይከፍላል፤ ለተማሪ ኪስ ትንሽ ባይባልም ገንዘቡ ለመናፈሻውና ለመታጠቢያ ቦታው መጠበቂያ እንደሚውል ሲነገረን አልቆጨንም። የምንጩ ውሃ እስከ 68 ዲግሪ ይሞቃል።

በዚያ ጊዜ ልብ ያላልነው፣ በኋላ ካርታ ስናይ ያስደነቀን ነገር የከተማዋ አቀማመጥ ነው። ባደን-ባደን የተቆረቆረችው በላይኛው ራይን ስምጥ ምሥራቃዊ ዳር ነው። ራይን የሚፈስበት ሰፊ ሜዳ ልክ እንደ እኛው ስምጥ ሸለቆ መሬት ተለጥጦ የሰመጠበት ቦታ ነው። ካርሎቪ ቫሪም በኤገር ስምጥ ላይ ናት፤ ቪሺም በሊማኝ ስምጥ ላይ ናት። በእነዚህ ስፍራዎች መሬት ሲለጠጥ ጠርዙ ይሰበራል፤ በስብራቱም ውሃ ይወርዳል፣ ይወጣል። አዲስ አበባ የተቀመጠችው ደግሞ በዋናው የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ምዕራባዊ ዳር ነው። የአውሮፓ መኳንንት ለጤናቸው ሲሄዱና የሸዋ ቤተ መንግሥት ከእንጦጦ ሲወርድ፣ ሳያውቁት አንድ ዓይነት የጂኦሎጂ ምልክት ተከትለዋል። ልዩነቱ የእነርሱ ስምጥ በአብዛኛው ያረጀ፣ የእኛው ግን ዛሬም በየዓመቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር የሚከፈት መሆኑ ነው።

የአገራችን ምንጮች ሁሉ ግን በስምጥ ሸለቆ ዳር አይደሉም። ሶደሬና ወንዶ ገነት ለዚያ ቢመቹም፣ በደቡብ ጎንደር በጉማራ ወንዝ አጠገብ ያለው ዋንዛዬ፣ እንዲሁም በምዕራብ ሸዋ ያሉት ወሊሶና አምቦ ከዋናው ስምጥ ይርቃሉ።

ከወሊሶ በወንጪ ወደ አምቦ

ከዓመታት በፊት ሦስት ባልደረቦች ሆነን፣ አንድ ቴርሞሜትርና ጥቂት ባዶ ጠርሙሶች ይዘን፣ ቅዳሜ ጠዋት ከቀራንዮ በአየር ጤና በኩል ወጣን። ለቀራንዮ ነዋሪ ይህ ጉዞ የተመቸ ነው፤ በጅማ መንገድ ወጥቶ በአምቦ መንገድ መመለስ፣ ማለትም ወጨጫን ዞሮ መምጣት ይቻላል። ዓለም ገና፣ ሰበታ፣ ቱሉ ቦሎ፣ ከዚያም ወሊሶ። በንጉሡ ዘመን ግዮን ትባል የነበረችው ወሊሶ የራሷ ፍል ውሃ አላት። እዚያ ብዙም አልቆየንም፤ ከወሊሶ ወደ ሰሜን ታጥፈን ወንጪ ወጣን።

ወንጪን ላላየ ሰው ማስረዳት ያስቸግራል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው የእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ ሐይቅ፣ በሐይቁ ላይ ደሴት፣ በደሴቱ ላይ የቅዱስ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን፤ ከገደሉ ሥር ደግሞ የማዕድን ውሃ ምንጮች። ወንጪ በጂኦሎጂ አቆጣጠር ከወጨጫ በጣም ወጣት ነው። ሁለቱም ግን ከየረር ተነሥቶ በአምቦ አካባቢ አድርጎ እስከ ወለጋው ቱሉ ወለል በሚዘልቀው፣ ከስምጥ ሸለቆ ወደ ምዕራብ በተገነጠለ የእሳተ ገሞራና የስብራት መስመር ላይ ይገኛሉ። ወሊሶና አምቦ ምንጭ ያገኙት በዚሁ ነው። በዚያ ቅዳሜ ከቀራንዮ እስከ አምቦ የተጓዝነው፣ ሳናውቀው ሳይሆን አውቀን፣ በአንድ ስብራት ጎን ለጎን ነበር።

አምቦ በቀድሞ ስሟ ሀገረ ሕይወት ናት። ስሙ ብቻውን ከተማዋ ለምን ትታወቅ እንደነበር ይናገራል። የማዕድን ውሃዋ በፋብሪካ መታሸግ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1930 ነው። በጥሬ ሥጋ ማዕድ ላይ አምቦ ውሃ የማይጠራበት ቤት ጥቂት ነው፤ ስለዚህ አንባቢያችን ስለ ጣዕሙ እንድንነግረው አይጠብቅም። ስለ ጋዙ ግን የምንለው አለን።

ጋዙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። እንዲህ ባሉ የስብራት መስመሮች ላይ ከመሬት ጥልቀት፣ ከቅልጥ አለትና ከዚያም በታች ካለው ማንትል እየተነነ ይወጣል። ይህ ግምት ብቻ አይደለም። በአገራችን በአፋር ከሚወጡ ጋዞች ጋር አብሮ የሚገኘው ሂሊየም፣ የቀላሉ ኢሶቶፕ ድርሻው በከባቢ አየር ካለው ከ10 ጊዜ በላይ ይበልጣል፤ ይህን የመሰለ ሂሊየም ሊመጣ የሚችለው ከጥልቅ ማንትል ብቻ ነው። የአምቦን ጠርሙስ ከፍቶ የሚጠጣ ሰው ምናልባት ከብዙ አሥር ኪሎ ሜትሮች ጥልቀት የተነሣ ጋዝ ያገሳል ማለት ነው።

ጋዝ በውሃ ውስጥ የሚሟሟው በሁለት ነገሮች ፈቃድ ነው፤ በግፊትና በቅዝቃዜ። በባሕር ወለል ግፊትና በ20 ዲግሪ አንድ ሊትር ውሃ 1.7 ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዛል። በ60 ዲግሪ ግን ከ0.6 ግራም አይበልጥም። ግፊቱ እጥፍ ሲሆን የሚሟሟው ጋዝም እጥፍ ይሆናል፤ ይህም ሄንሪ የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1803 ያስታወቀው ሕግ ነው። እንግዲህ በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ ያለን አንድ ምንጭ እናስብ። ላይ ያለው የአየር ግፊት ከአንድ አትሞስፌር ሦስት አራተኛ ነው። በ100 ሜትር ጥልቀት ግን የውሃው ክብደት ሲጨመር ግፊቱ ከ10 አትሞስፌር ያልፋል። ስለዚህ ያው ውሃ ከታች የሚይዘው ጋዝ ላይ ሲደርስ ከሚይዘው ከ13 እጥፍ በላይ ነው። ወደ ላይ ሲወጣ ትርፉን መጣል አለበት። የምንጩ መንተክተክ ይህ ነው፤ የሙቀት መፍላት አይደለም። በጋዝ የሚንተከተክ ውሃ እጅ ሲነካው ለብ ያለ ሆኖ ቢገኝ ሊያስገርም አይገባም።

አረፋው ሌላም ሥራ አለው። አረፋ የበዛበት ውሃ እፍግታው ስለሚቀንስ በዙሪያው ያለው ከባድ ውሃ ወደ ላይ ይገፋዋል። የካርሎቪ ቫሪ ዋና ምንጭ 73 ዲግሪ የሞቀ ውሃ እስከ 12 ሜትር ከፍታ የሚወረውረው በእንፋሎት ሳይሆን በዚሁ ጋዝ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ እናክል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር አንድ ተኩል ጊዜ ይከብዳል፤ ጠረን የለውም፤ ነፋስ በሌለበት ጉድጓድ ይተኛል። እ.ኤ.አ. በ1986 በካሜሩን ከኒዮስ ሐይቅ በድንገት የወጣው ይህ ጋዝ በአንድ ሌሊት ከ1,700 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ጋዝ በሚንተከተክበት ዝቅ ያለ ጉድጓድ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ማየት የማይመከረው ለዚህ ነው።

ጋዙ ውሃውን መለስተኛ አሲድ ያደርገዋል፤ አሲዱ አለቱን ይበላል፤ ከአለቱም ሶዲየም፣ ካልሲየምና ማግኒዥየም ይዞ ባይካርቦኔት ይሆናል። የጨጓራ አሲድን የሚያበርደው ባይካርቦኔቱ ነው። በሙቅ ውሃ ቧንቧና በጀበና ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገርም ያው ካልሲየም፣ ጋዙ ሲያመልጥ መሬት የወረደ ነው።

ከማዕድን ውሃ የተገኘ ሰዓት

የፊዚክስ መምህራን ስለሆንን አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አልቻልንም። እ.ኤ.አ. በ1860 ሁለት የሃይደልበርግ መምህራን፣ ቡንሰንና ኪርኮፍ፣ በዱርክሃይም ከተማ የማዕድን ውሃ ጠብታ በእሳት ነበልባል ላይ ጥለው ብርሃኑን በመነጽር ሲበትኑት ከዚያ በፊት ማንም ያላያቸው ሁለት ሰማያዊ መስመሮች አዩ። አዲስ ንጥረ ነገር መሆኑን ጠረጠሩ። ጥርጣሬያቸውን ለማረጋገጥ ከ40,000 ሊትር በላይ ውሃ አትንነው የተረፉት ጥቂት ግራሞች ናቸው። ስሙንም በላቲን ሰማያዊ ከሚለው ቃል ሲዚየም አሉት። እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ የዓለም ሰከንድ የሚለካው በዚህ አቶም ነው፤ አንድ ሰከንድ ማለት ከሲዚየም አቶም የሚወጣ የአንድ ጨረር 9,192,631,770 ርግብግቢት ነው። በእጅ ስልካችን የምናየው ሰዓት ሲጠራ ቢውል የዘር ሐረጉ ከአንድ የፍል ውሃ ከተማ ይደርሳል።

ራዲየምም ከእነዚህ ከተሞች ጋር ዝምድና አለው። ኩሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ1898 ያገኙት ከቦሄሚያው ዮአኺምስታል በመጣ ማዕድን ውስጥ ሲሆን፣ ከተማው በኋላ በራዶን ውሃ መታጠቢያ ሆነ። ከዚሁ ከተማ ስም «ታለር» የሚለው የገንዘብ ስም ወጣ፤ ከታለርም የማርያ ትሬዛ ታለር፣ አያቶቻችን ጠገራ ብር ያሉት፣ መጣ።

ያድናልን?

ስለ ጠበልና ስለ እምነት መናገር የእኛ ሙያ አይደለም፤ እዚህ የምንናገረው ሙቅ ውሃ በሰውነት ላይ ስለሚያደርገው ብቻ ነው። እስከ አንገቱ የተነከረ ሰው ከክብደቱ አብዛኛው በውሃው ይሸከምለታል፤ የታመመ ጉልበትና ወገብ የሚያርፈው ለዚህ ነው። የውሃው ግፊት ከእግር በኩል ስለሚበረታ 700 ሚሊ ሊትር የሚያህል ደም ወደ ደረት ይገፋል። ውሃ ደግሞ ሙቀትን ከአየር ከ20 ጊዜ በላይ ያስተላልፋል፤ በ40 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ያለ ሰው ላቡ ስለማይተን ሰውነቱን ማቀዝቀዝ አይችልም። ሥሮቹ ይሰፋሉ፤ በድንገት ብድግ ሲል ያዞረዋል። ሩብ ሰዓት ይበቃል የምንለው ለዚህ ነው። የልብ ሕመም ያለበትና ነፍሰ ጡር አስቀድመው ሐኪም ይጠይቁ። ሕመምን ማስታገስ እውነት ነው፤ ሁሉን በሽታ ይነቅላል ማለት ግን በመለኪያ አልተደገፈም።

መጠጣትን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ። የስምጥ ሸለቆ ሙቅ ውሃዎች ብዙ ጊዜ ፍሎራይድ ይበዛባቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት የመጠጥ ውሃ ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ከወንጂና ከዝዋይ አካባቢ ልጆች የቡናማ ጥርስ መንስኤ ይኸው ነው። ከመሬት ሙቅ ሆኖ የወጣ ውሃ ሁሉ ለመጠጥ የተባረከ አይደለም።

ምንጭ ሲጠፋ

እ.ኤ.አ. በ1755 ሊዝበንን ያፈረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ በተሰማበት ቀን፣ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ በምትርቀው በቦሄሚያዋ ቴፕሊትዝ የፍል ውሃው ምንጭ ደፍርሶ፣ ለጥቂት ጊዜ ቆሞ፣ ከዚያም ገንፍሎ ወጣ። ይህ ተፈጥሮ ያደረገው ነው። እ.ኤ.አ. በ1879 ግን በዚያው ከተማ አጠገብ ያለ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ሲቆፈር የከርሰ ምድር ውሃ ዘልቆ ገባና ጉድጓዱን አጥለቀለቀው፤ በቀናት ውስጥ ለዘመናት የፈሰሰው የቴፕሊትዝ ምንጭ ደረቀ። ማዕድን ቆፋሪዎቹ ምንጩን አልነኩም፤ የነኩት ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትሮች የራቀ መሬት ነበር። ስብራቱ ግን አንድ ነበር።

በባዝ ደግሞ የደረሰው ሌላ ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በዚያ ውሃ የዋኘች አንዲት ልጅ በአፍንጫ ገብቶ አንጎልን በሚያጠቃ አሜባ ሞተች፤ መታጠቢያዎቹም ተዘጉ። ይህ ሕዋስ እስከ 46 ዲግሪ በሚሞቅ ውሃ ይመቸዋል፤ ሰው የሚወደው ሙቀት እርሱም የሚወደው ነው። ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ ንጹሕ ውሃ ከተገኘ በኋላ፣ አዲሱ መታጠቢያ እ.ኤ.አ. በ2006 ሲከፈት 28 ዓመት አልፎ ነበር። ሙቅ ውሃ በራሱ ንጹሕ ነው የሚለው እምነት በእኛም ዘንድ የተስፋፋ ስለሆነ ይህን ያለ ምክንያት አላነሣንም። ራስን ውሃ ውስጥ መድፈቅና ውሃ በአፍንጫ መሳብ ማስወገድ ቀላሉ ጥንቃቄ ነው።

በአዲስ አበባ ፍል ውሃ ላይ የቤተ መንግሥቱም፣ የመታጠቢያው ድርጅትም፣ የትልልቅ ሆቴሎችም ጉድጓዶች ለብዙ አሥርተ ዓመታት ሲቀዱ ኖረዋል። በዚያው ሠፈር ዛሬ ጥልቅ መሠረት ያላቸው ሕንፃዎች ይሠራሉ፤ የባንተ ይቀጡ ወንዝ የከተማውን ፍሳሽ ይዞ በአጠገቡ ያልፋል። ስብራት ሙቅ ውሃን ወደ ላይ የሚያወጣውን ያህል፣ ከሥሩ ያለው ግፊት ሲቀንስ ቀዝቃዛና ቆሻሻ ውሃን ወደ ታች ያሰርጋል። አውሮፓውያኑ ከተሞች በዚህ ምክንያት በምንጮቻቸው ዙሪያ ያለ ፈቃድ የማይቆፈርበት የጥበቃ ክልል በሕግ አጥረዋል። የእኛው ምንጭ መዲናን ያህል ነገር የፈጠረ ሆኖ ሳለ የየዕለት ሙቀቱና ፍሰቱ ተመዝግቦ ለሕዝብ ሲገለጽ አለማየታችን ያሳዝነናል።

ልኬቱ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። በአምቦ፣ በወሊሶ፣ በዋንዛዬ ወይም በሌላ ምንጭ አጠገብ ያለ ማንኛውም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በሃያ ሊትር ጀሪካን፣ በሰዓትና እስከ 100 ዲግሪ በሚያነብ ቴርሞሜትር ሊጀምር ይችላል። ጀሪካኑ የሚሞላበት ሰከንድ ፍሰቱን ይሰጣል። ሙቀቱ በየወሩ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓትና በአንድ ቦታ ይለካ፤ ሁልጊዜም መምህር ባለበት፣ ቴርሞሜትሩም በረጅም እንጨት ታስሮ ይሁን። ሙቀቱ ከክረምት በኋላ በመስከረምና በጥቅምት ከቀነሰ ጥልቁ ውሃ ከላይኛው የዝናብ ውሃ ጋር ይቀላቀላል ማለት ነው፤ በጋም ክረምትም ያው ከሆነ ምንጩ ከጥልቅ በቀጥታ ይመጣል። ፍሰቱ ከዓመት ዓመት እየቀነሰ ሙቀቱ ካልተለወጠ ደግሞ የሆነ ቦታ ሌላ ሰው እየቀዳ መሆኑን መጠርጠር ይቻላል። የአንድ ሙሉ ዓመት ሠንጠረዥ የሚልክልን ትምህርት ቤት ካለ፣ የተማሪዎቹን ስም አስፍረን በዚሁ መጽሔት እናትመዋለን።